የቲጃኒ ሰጋቱራ

ጎረቤቴ ቲጃኒ በሰፈራችን በሰቶ ሰመሮ ባለሦስት እግር በርጩማ የሚሠራ አናጢ ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር ተዋስነን ስለኖርን ብናገር አይከፋውም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እኔ የሚታየኝ እሱ ነው። ደግነቱ፣ ዘንድሮ የያዘው ነገር መልካም ነበር።

ባለቤቱን ፈሂማን አስም ይዟት ሐኪሙ "ከጭስ ራቂ" አላት። መናገር ምን ይቸግራል? መብራቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሴትዮዋ ለስድስት ሰው በማገዶ እያበሰለች ከጭስ ወዴት ትራቅ? ቲጃኒ ይህን ሲያብሰለስል ከርሞ፣ ከእንጨት ዱቄትና ከቡና ልጣጭ የምድጃ ነዳጅ ማውጣት የሚያስተምር የሦስት ቀን ሥልጠና መኖሩን ሰምቶ ሄደ።

ሰጋቱራውን በአሲድ አፍልቶ ስኳሩን ማውጣት፣ አሲዱን በኖራ ማብረድ፣ በእርሾ መጥመቅ፤ ይህን ሁሉ ተማረ። የተጠመቀውን አፍልቶ እንፋሎቱን በቧንቧ ማንጠባጠብ ግን ከአረቄ ማውጣት አይለይም። ቲጃኒ ደግሞ በዕድሜው አረቄ ቤት ደጃፍ ቆሞ አያውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ቤታችን መጣና ባለቤቴን ሸዋረገጥን፣

"እትዬ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ አረቄ ማውጣት ያስተምሩኝ" አላት።

ሸዋረገጥ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር አረቄ ስታወጣ ያደገች ሴት ናት። "በስተርጅና? ምን ነካህ አንተ?" ብላ ሳቀችበት። ነገሩን ሲያስረዳት ግን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለችው።

የመጀመሪያው ጥንስስ ሳምንት ቆይቶ አንድ አረፋ እንኳ አላወጣም። ቲጃኒ ከሚሠራበት ቤት ወለል ያገኘውን ሰጋቱራ ሁሉ ጠርጎ ከትቶ ኖሯል፤ ግማሹ የጽድ ነው። ሸዋረገጥ አሸተተችውና፣ "ጽድ ምስጥ እንኳ የማይበላው እንጨት አይደል? እርሾስ ምን ብሎ ይበላዋል?" አለችው። አናጢው አፍሮ ጥንስሱን ደፋው። ሁለተኛውን በዋንዛ ሰጋቱራ ብቻ፣ ከሸቤ ባስመጣው የቀይ ቡና ልጣጭ ጠመቀው። ይኼኛው በሦስተኛው ቀን ይፈላ ጀመር። ሁለቱ አጠገቡ ተቀምጠው ጠብታ በጠብታ ሲያወጡት ሽታው ሰፈሩን አዳረሰው።

"ቲጃኒ አረቄ ጀመረ" ተባለ፤ ወሬው መስጊድ ድረስ ዘለቀ። የሰው ወሬስ ምንም አልነበረም። ፈሂማ ግን "በአረቄ የበሰለ ወጥ ከቤቴ አይበላም" ብላ በማገዶዋ ቀጠለች። እሷ ካልነካችው ያ ሁሉ ልፋት ለማን ነው? ቲጃኒን ተስፋ ቆርጦ ያየሁት ያኔ ነው፤ አንጀቴን በላው።

ቅዳሜ ረፋድ የመስጊዱ ሽማግሌ ሼኽ ሀምዳን መጡ። ቲጃኒ አልተከራከረም። ካወጣው ላይ በአንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ምድጃ ጨምሮ ለኮሰው። ጭስ የለው፣ ነበልባሉም በፀሐይ አይታይ።

"አልተያያዘም እኮ" ብለው ሼኹ እጃቸውን ዘረጉና ቶሎ ሰበሰቡት። ከዚያ "ይጠጣል?" አሉ።

"ማንም እንዳይጠጣው እሬት ጨምሬበታለሁ። ባልጨምርበትም ከእንጨት የወጣ ስለሆነ መርዝ ነው።"

ሼኽ ሀምዳን ወደ ፈሂማ ዞሩ። "ኤጋ ልጄ፣ እንግዲህ ፈትዋውን ከእኔ የተሻሉ ዓሊሞችን እጠይቃለሁ፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያው ግን ራስን በጭስ መግደል እንዳልተፈቀደ አውቃለሁ" አሏትና ሄዱ።

የዚያን ዕለት ለምሳ ሸዋረገጥ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ድንገት ቢላዋውን አስቀመጠች። ዘወትር በዚያ ሰዓት ፈሂማ እሳት ስታያይዝ ሳሏ አጥሩን አልፎ እኛ ቤት ይሰማል፤ ከለመድነው ዓመታት አልፈዋል። "ምን ሆና ነው ዝም ያለችው?" ብላ ደንግጣ ሮጠች።

ፈሂማን ያገኘቻት በቆርቆሮዋ ምድጃ ላይ ምስር ወጥ ስታማስል ነው። ሸዋረገጥም እዚያው ቁጭ ብላ በልታ በዘጠኝ ሰዓት ተመለሰች። የእኔ ሽንኩርት እንደተከተፈ ቀረ። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ፤ ያውም ደስ ብሎኝ።