ደህና የነበረው ሞተር

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከገለምሶ የመጣ ፒካፕ ግቢያችን ገባ። የሚነዱት ሐጂ ኡመር የሚባሉ የጫት ነጋዴ ናቸው። አጠገባቸው የወንድማቸው ልጅ ሰዓዳ ተቀምጣለች። ሰዓዳ ቤተሰቧ ወደ ገለምሶ እስኪሄድ ድረስ ጎረቤታችን ነበረች፤ አንድ ክፍል ተምረናል። እወዳት ነበር። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም፤ ለማን እነግራለሁ? ለራሷም አልነገርኳት። ከሄደች ወዲህ ግን ከገለምሶ የሚመጣ መኪና ባየሁ ቁጥር ውስጡን ሳላይ አላልፍም ነበር።

ሐጂ ኡመር በዴሳን ካለፉ ጀምሮ የዘይት መብራቱ በርቶ አልጠፋ እንዳላቸው ነገሩኝ። ሞተሩ እንዳይቃጠልባቸው ፈርተዋል። ዘይቱን አየሁት፤ ሙሉ ነው። ከሞተሩ ጎን የዘይቱን ግፊት እየለየ መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ዕቃ አለ። እሱን ፈታሁና በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ አሰርኩ። ሞተሩን ሳስነሳ መርፌው መድረስ ያለበት ቦታ ደርሶ ቀጥ አለ። ሞተሩ ደህና ነው። የተበላሸችው ያቺ ትንሽ ዕቃ ብቻ ናት። እሷን ቀይሬ ወዲያው ልሸኛቸው እችል ነበር።

ቀና ስል ሰዓዳ ታየኛለች።

"ዛሬ ድሬዳዋ እንደርሳለን?" አለችኝ።

"አትደርሱም" አልኳት። "ሞተሩ መከፈት አለበት። ለነገ ነው።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቤ እንድትቆይ ፈለግኩ፣ ዋሸሁ።

ሐጂ ኡመር ሌላ መኪና ሊፈልጉ ወጡ፤ አላገኙም። አውቶቡሱ በጠዋት ሄዷል፤ ሲመሽ ደግሞ ሰዓት እላፊ ነው። ሰዓዳ እኔ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀመጠች። እኔ ጤነኛ ሞተር እፈታለሁ፣ እሷ ስለ ድሮ ሰፈራችን ታወራኛለች። የሒሳብ መምህራችንን አነጋገር አስመስላ ስትናገር ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ የሚሄዱት እናቷ እዚያ ሆስፒታል ተኝታ መሆኑን ነገረችኝ። ቶሎ ድረሱ ተብሎ ተልኮባቸዋል።

መጀመሪያ ስዋሽ ይህን አላውቅም ነበር። ከሰማሁ በኋላስ? ገና ቀን ነበር። "ተሳስቻለሁ፣ መኪናው ይሄዳል" ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? ውሸታም ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ከፍርሃቱም በላይ እንድትሄድ አልፈለግኩም። "አይዞሽ፣ ትድናለች" አልኳትና መፍቻዬን አነሳሁ።

እነሱ ዘመድ ቤት አድረው ሲመጡ መኪናውን አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። ሐጂ ኡመር "ገላቶሚ" ብለው አመስግነውኝ ሄዱ።

ሐዘኑን ጨርሰው ሲመለሱ በጋራዡ በር ቆሙ። ሰዓዳ ወርዳ ወደ እኔ መጣች። ከስታለች። እናቷ እነሱ እኛ ዘንድ በዋሉበት ቀን፣ ወደ ማምሻው ላይ መሞቷን ነገረችኝ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የሰዓዳን ስም ስትጠራ ነበር አሉ።

"አንተ ባትሠራልን ኖሮ ሳትቀበር ፊቷን እንኳ አላየውም ነበር" አለችኝ። "አላህ ይስጥህ።"

"አሜን" አልኩ።

ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ድሬዳዋ አግብታ ልጆች እንደወለደች ሰምቻለሁ። ስንት ጊዜ ሄጄ ልነግራት ተነሳሁ፣ ስንት ጊዜ ተመልሼ ተቀመጥኩ! ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእሷ ነው፣ እሷ ደግሞ በደሌን አታውቅም። ተጸጽቻለሁ ብዬ እንዳልጨርስም የሚይዘኝ ነገር አለ። እናቷ ስትጠራት ሰዓዳ እኔ ዘንድ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትስቅ ነበር። ያ ከሰዓት በኋላ ዛሬም ይናፍቀኛል።