መንጠቆ ቁጥር አሥራ አራት

በትራንስፖርት ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ከደመወዝ ክፍል ውጭ አይገኝም። ሁሉም «መስታወቱ» ይለዋል። የድርጅቱን አሥራ አራት ቁጥር ከባድ መኪና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቷል፤ አንድም ቀን የጎን መስታወቶቹን በሸሚዙ እጅጌ ሳይወለውል ሞተር አስነስቶ አያውቅም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሸሚዞቹን ቀኝ እጅጌ በየጊዜው እየቀየረች፣ «እኔ ያገባሁት ሰውየውን ነው እጅጌውን?» ትለዋለች።

የራሱን መኪና የገዛው በሃያኛው ዓመት ላይ ነው። አሮጌ ናት። ቀለሟ እዚህም እዚያም ተላልጧል፤ ሞተሯ ግን ሲነሳ አያንገራግርም። ሊብሬው ላይ ስሙን ሦስት ጊዜ አነበበው። ሚስቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ለሳሎኑ መጋረጃ ከገዛችው አበባማ ጨርቅ የተረፈውን ለሾፌሩ ወንበር ልብስ አድርጋ ሰፋችው።

«ሳሎንሽን ይዤ ልዞር ነው ማለት ነው» አላት።

«ይሻልሃል፤ የት እንደምትቀመጥ አይጠፋህም።»

መኪናዋን ለዚያው ለድሮ ድርጅቱ በኪራይ አስገባት። ውሉ ቀላል ነው። ጭነት የሚያመጣው ድርጅቱ ነው፤ ነዳጁ፣ ጎማውና ጥገናው የባለንብረቱ። በሩ ላይ የድርጅቱ ዓርማ ይለጠፋል። መሪዋን የሚይዘው ግን ባለንብረቱ ብቻ ነው። በሌላ ሰው እጅ አደጋ ቢደርስባት መድኑ አይከፍልም፣ ውሉም ይፈርሳል። ጭነት የሚያከፋፍሉት የስምሪት ኃላፊዋ፣ ሾፌሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት፣ ይህችን አንቀጽ ሲያነቡለት ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ሁለቴ መታ መታ አደረጉ።

«ሰምተሃል?»

«እትዬ ደግሞ! ለማን ልሰጣት? ሚስቴ ብትለምነኝ እንኳ አልሰጣትም።»

በስምሪት ቢሮው ግድግዳ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው መንጠቆዎች የተደረደሩበት የእንጨት ሰሌዳ አለ። የግቢው ሕግ አጭር ነው፤ ቁልፏ ሰሌዳው ላይ ያለ መኪና የስምሪት ናት፣ ስምሪት ለፈለገው ሾፌር ይሰጣታል። መስታወቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመንገድ ሲመለስ ቁልፉን አሥራ አራተኛው መንጠቆ ላይ ሰቅሎ ነበር ቤቱ የሚገባው። እጁ መንገዱን ከአእምሮው በላይ ያውቀዋል።

ውሉ በተፈረመ በአሥራ አንደኛው ቀን መኪናዋ ሩቅ አገር የሚሄድ ሲሚንቶ ጫነች። ከጭነቱ በፊት የቀኙን የኋላ ጎማ ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚዞርበትን ብረት፣ ራሱ አጥብቆ፣ ግሪስ ሞልቶ ነበር። ድሮ ይህ የመካኒኩ ሥራ ነው፤ አሁን ግን የራሱ ንብረት ስለሆነች ማንም እንዲነካካት አልፈለገም። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ውስጥ አቁሟት ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

ጠዋት የቀድሞው ሾፌር ቢሆን ኖሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ነበር። የዛሬው ባለንብረት ግን ተረጋግቶ ቁርሱን በላ።

«አልረፈደብህም?» አለችው ሚስቱ።

«ማን ይቆጣኛል? አለቃው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ አለቃዬ፣ ቁልፍህ የታለ? ሱሪህን ላጥብልህ ብዬ ኪስህን ስፈትሽ የለም።»

እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ከዚያ ወደ ጃኬቱ። ከዚያ ባለበት ቀረ። መንጠቆው ታየው፤ ቁልፉ ተሰቅሎ ትንሽ ሲወዛወዝ ጭምር ታየው። ጫማውን ሳያስር ወጣ።

ግቢው ሲደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መሬቱን አርሶታል፤ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ግን ረጅም ደረቅ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። መስታወቱ ደረቁ መሬት ላይ ቆመ። ያ ሁሉ ዓመት የለፋበት ነገር የቀረው ይህች ያልረጠበች ቦታ ብቻ መሰለው።

የሆነው ነገር ቶሎ ተጣራ። እትዬ የዕረፍት ቀናቸው ስለነበር ቁልፍ የሚያድለው ተተኪ ሠራተኛ ነበር። የአሥራ አራት ቁጥር አዲሱ ሾፌር ደግሞ ያን ዕለት ማለዳ ከወር ፈቃድ ተመልሶ መጣ። ይህ ሰው በዝግታው «ኤሊ» ይባላል፤ ከኋላው የተከተለ ሾፌር ሁሉ ጥርሱን ያፋጫል። አሥራ አራት ቁጥር ራሷ ጋራዥ ገብታ አልወጣችም። ተተኪው ዓርማዋን አየ፣ በመንጠቆው ላይ ቁልፏን አየ፣ «በምትክ የተሰጠችህ ይህች ናት፤ ጭናለች፣ ሂድ» አለው። ኤሊም ገና ሳይነጋ ሄደ።

እትዬ ተጠርተው የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ መጡ። ኤሊ ጋ ደወሉ። ስልኩ ዝግ ነው።

«ሲነዳ ይዘጋዋል» አሉ። «ለሌላው ሾፌር ምሳሌ አድርጌ የምጠቅሰው እኮ በዚህ ነው!»

መስታወቱ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። በዚያ መንገድ ላይ ያለው ረጅም ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየተደቀነበት ነው። አንድ ነገር ብትሆን መኪናዋም የለች፣ መድኑም የለ፣ ውሉም የለ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በገዛ እጄ ነው የሰቀልኩት።»

«አውቃለሁ። አሁን ዝም በልና ውሃ ጠጣ።»

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«መስታወቱ አለ?» አለ ኤሊ፣ በዚያው በማይጣደፈው ድምፁ። «ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና?»

«መኪናዬ የት ናት?»

«እየነገርኩህ ነው እኮ። ጨለማ ስለነበር ልብ አላልኩም። ሲነጋ ዝቅ ብዬ ባይ የተቀመጥኩበት ጨርቅ አበባው የማውቀው ሆነብኝ። የት ነው ያየሁት፣ የት ነው ያየሁት ስል ቁልቁለቱ አናት ላይ ደረስኩ። ለካ እናንተ ሳሎን ነው! ሚስትህ ሻይ ስታቀርብልኝ እሱን መጋረጃ ሳይ ነው የዋልኩት። መጋረጃው የሰው ከሆነ መኪናዋም የሰው ናት ብዬ ልደውል ቆምኩ።»

«ተመስገን! በቃ እንዳትነካት፣ እመጣለሁ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስቆም እንደ ልማዴ ዞሬ የጎማዎቹን መሃል በእጄ ጀርባ ነካካሁ። የቀኙ የኋላው አቃጥሎኛል፣ እጄ አብጧል። ኩሽኔታውን ማነው እንዲህ አንቆ ያሰረው?»

እትዬ መስታወቱን አዩት፤ መስታወቱ የገዛ እጁን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ።

የድርጅቱ መካኒክ በትንሿ መኪና ወሰደው። ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርሱ ኤሊ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን በውሃ ጠርሙስ እያቀዘቀዘ ጠበቃቸው። መኪናዋ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ተደርጎላት ቀጥ ብላ ቆማለች። መካኒኩ ጎማውን ፈታ፤ ግሪሱ ጠቁሮ ተጋግሯል። ኩሽኔታውን አውጥቶ በጨርቅ ይዞ ለመስታወቱ አሳየው።

«ሲበዛ ጠብቆ ተቃጠለ። ቁልቁለቱን ብትጀምረው ኖሮ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ጎማው ጥሎህ ይሄድ ነበር» አለው።

መስታወቱ ያንን ቁልቁለት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወርዶታል፤ አናቱ ላይ ቆሞ ግን አያውቅም። ለመኩራሪያ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ቢገኝ ኖሮ፣ የጎን መስታወቶቹን ወልውሎ፣ እያፏጨ፣ ሳይቆም ይወርደው ነበር። ሄዶ ኤሊ የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ተወው፣ ይድናል።»

«አሳየኝ አልኩህ።» ያበጠውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። «አንተ ኤሊ!» አለው።

«ሃያ ዓመት ስትሰድቡኝ ኖራችሁ» አለ ኤሊ እየሳቀ፣ «ዛሬ ስሜ ሲጠራ ደስ አለኝ።»

አዲስ ኩሽኔታ ከገባላት በኋላ መስታወቱ መሪውን ያዘ፣ ኤሊ ጎኑ ተቀመጠ። ቁልቁለቱን በኤሊ ፍጥነት ወረዱት። ከኋላቸው የተከተሉ መኪኖች ጡሩምባ ሲነፉባቸው ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ጭነቱን አራግፈው በማግስቱ ሲመለሱ እትዬ ቢሮአቸው ቆመው ጠበቋቸው።

«ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሳልደብቅ ጻፍኩ» አሉ። «አንተ ሰቀልክ፣ የኛ ሰው ሳይጠይቅ ሰጠ፣ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። አንብበው ውሉ ይቀጥል አሉ። አንድ ነገር ብቻ እንዳደርግ አዘዋል።»

ጉጠት አንስተው አሥራ አራተኛውን መንጠቆ ከሰሌዳው ነቀሉት፣ መዳፉ ላይም አኖሩለት።

«ያንተ ነው፣ ውሰደው። ኤሊ ባዶው አሥራ አምስት ላይ ይስቀል፤ መቼም እስኪደርስበት ጊዜ አለው።»

መንጠቆው አሁን መስታወቱ ቤት፣ ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተመቷል። ሚስቱ የሆነውን ሁሉ ከሰማች በኋላ ከሳሎኑ ሁለት መጋረጃዎች አንዱን አውርዳ ስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን አሥራ አራት ቁጥር ከጋራዥ ስትወጣ የሾፌሯ የኤሊ ወንበር አበባ በአበባ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሳሎናቸው መስኮት በአንድ ወገን ብቻ የተጋረደ ነው። እንግዳ ሲመጣ መስታወቱ ሳይጠየቅ ምክንያቱን ይናገራል፤ ገና ሲጀምር ሚስቱ፣ «ይኸው፣ ወደ ቁልቁለቱ ገባ» ትላለች። እሱም ይስቃል፤ ግን ከአናቱ ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ሳያስቀር ይጨርሰዋል።