መልስ ያልጻፍኩለት ክፉ ሰው

በጃንሆይ ዘመን ሶዶ ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ አንድ ቲያትር ጻፍኩ። ለጥበብ ብዬ አይደለም፤ አጎቴን ላዋርድበት ነው።

አባቴ ሲሞት ገና በዴሳ ከተማ አስተምር ስለነበር የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ የአባቴ ታላቅ ወንድም የእናቴን የእንሰት ጓሮ አጠረባት። ወላይታ ውስጥ እንሰት የሌለው ቤት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አልነግርም። ለማያውቅ ግን፣ ባለቤቲቱ ቆጮዋን እንደ መንገደኛ ከገበያ ትገዛለች፣ ጎረቤቶቿም ከንፈር ይመጡላታል ማለት ነው። እናቴ እንደዚያ ኖረች። አጎቴን ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስስታም ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል?

ክፉውን ሰው ስጽፍ እጄ አልደከመም። በማለዳ ድሃ ያስለቅሳል፣ ምሳ ሳይደርስ መበለት ይገፋል፣ ማታ ብቻውን ይስቃል። የመበለቲቱን ጓሮ ካጠረ በኋላ በሦስተኛው ክፍል ጅብ ይበላዋል። ጅቡ ላይ ብዙ ደክሜበታለሁ።

ክፉውን የሚጫወተው የስፖርት መምህራችን ነበር። ቁመቱ ያስፈራል እንጂ የዋህ ሰው ነው፤ በልምምድ ላይ መበለቲቱን በገፈተራት ቁጥር ይቅርታ ይጠይቃል። መበለቲቱ ደግሞ ነጠላ የተከናነበው የሒሳብ መምህር ነው። አንድ ቀን የስፖርት መምህሩ፣ ይሄ ሰውዬ ግን ለምንድን ነው እንዲህ የሚያደርገው አለኝ። ክፉ ስለሆነ ነዋ፣ አንተ ዝም ብለህ ሳቅ አልኩት።

ቲያትሩ የሚታይበትን ሳምንት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ደርሶ ነበር፤ በየአገሩ የተበተነው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባበት ጊዜ ነው። እኔ ያሰብኩት የተመልካቹን ብዛት ብቻ ነበር። ጊፋታ ቂም ተይዞ የማይገባበት በዓል መሆኑን፣ ሽማግሌዎችም በዚያ ሳምንት የተጣላ ሲያስታርቁ እንደሚሰነብቱ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ማን ልብ ብሎት!

የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። አጎቴ ጋቢውን ደርቦ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፊት ተቀመጠ፤ እናቴ በወዲያኛው በኩል ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ነበረች። ሁለቱም መምጣታቸውን ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ንግግሩ በአማርኛ ስለነበር አንድ ባልደረባዬ ከጎን ቆሞ ወደ ወላይትኛ ይመልሰዋል።

በሁለተኛው ክፍል ክፉው ሰው ጓሮውን አጠረ፤ መበለቲቱ አነባች። ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ውጭ ሊወጡ መስሎኝ ነበር። ቀጥ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ፤ ሌሎች ሁለት ተከተሏቸው። ቁጭ አሉና ክፉውንና መበለቲቱን ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ጨዋታ መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም፤ በጊፋታ ሳምንት በጨዋታም ቢሆን የተጣላ ሰው ትቶ መሄድ አይሆንላቸውም።

አስቀድመው መበለቲቱን ጠየቁ። የሒሳብ መምህሩ በደሏን ዘርዝሮ ተናገረ፤ ለእሷ በብዛት ጽፌላታለሁ። ከዚያ ወደ ክፉው ዞሩ።

«ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ለምን አጠርህባት?»

የስፖርት መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለሁት ወደ እኔ አየ። እኔ ወረቀቴን አገላበጥኩ፤ ከሳቅ በቀር የጻፍኩለት የለም። የተጻፈለትን ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም። ሽማግሌው እንጠብቃለን አሉ።

አጎቴ ተነሳ።

«ስለሱ እኔ ልመልስ» አለ።

የነገረውን እስከዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ወንድሙ ኦቶና ሆስፒታል ማረፉን ሲሰማ የአገሩን አልቃሽ ሰብስቦ፣ ከበሮ አሲዞ መጣ። አባቴ የወንጌል አማኝ ነበርና የቀበሩት በመዝሙር ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች አጎቴን በር ላይ አቆሙት፤ ወንድምህ ጌታ ጋ ሄዷል፣ እዚህ ሙሾ የለም ብለው ከነሰዎቹ መለሱት።

«ወንድሜን ሳላለቅሰው ቀበራችሁብኝ» አለ። «እንሰቱን አብረን ነው የተከልነው። ያጠርኩት ልበላው አይደለም፤ አንድም አልነቀልኩም። አንድ ሰው መጥቶ ለምን እንዲለኝ ነው። ማንም አልመጣም።»

ሽማግሌው በር ላይ የመለሰህ ማነው አሉት። አጎቴ መሬት መሬት አየ። እናቴ ተነሳች።

«እኔ ነኝ። ሰዎቹ እናስገባው ወይ ሲሉኝ፣ አይግባ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አፈርኩ። በእናቴ አይደለም፤ በጅቡ ነው ያፈርኩት።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አላወሩም። አጥሩ ይነሳ፣ እሱም ወንድሙን ያልቅስ አሉ። ከአማኞቹ መካከል ያጉረመረመ ነበር፤ እናቴ ግን ዞራም አላየችው። ቲያትሩ እዚያው ቀረ፤ ሦስተኛውን ክፍል የጠየቀ የለም።

በማግስቱ አጎቴን ወደ መቃብሩ የወሰደችው እናቴ ራሷ ናት። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። አጎቴ ደረቱን እየደቃ የወንድሙን ስም ጠራ። ከቀብሩ ወዲህ እምነቷን እንዳታሳማ ብላ እንባዋን ይዛ የኖረችው እናቴ አጠገቡ ተቀመጠችና እሪ አለች። እኔም አለቀስኩ፤ አባቴን ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።