የበኩራት ፖም

ፖም ከቀረፋ ጋር ሲበስል መጀመሪያ የሚመጣው ጣፋጩ ሽታ አይደለም። ትንሽ ሆምጠጥ ያለ፣ እርጥብ ቅጠል ቅጠል የሚል ነገር ነው። ዛሬም አሰላ ባለው ቤቴ የድስቱን ክዳን ስከፍት እሱ ይቀድማል። ከእሱ ጋር የላምባ ሽታ ይመጣብኛል፤ ምን ልበላችሁ፣ ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ሆኖ ሳለ።

አባቴ አስተማሪ ነበር። ከግብርና ሰዎች የፖም ችግኝ ተቀብሎ ጓሮ ሲተክል ሰፈሩ ሳቀበት። «የአርሲ መሬት ስንዴና ገብስ ነው የሚያውቀው» አሉት። እሱ ግን በየማለዳው እያጎነበሰ ያየው ነበር። ዛፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ባፈራበት ዓመት ታላቅ እህቴ ታመመች፤ ጉሮሮዋ ምግብ እምቢ አለ። አባቴ ስለት ተሳለ። «ልጄን ማሪልኝ፣ በኩራቱ ያንቺ ነው» አላት እመቤታችንን። ከዚያ በኋላ ያን ፍሬ የሚነካ አልነበረም።

እህቴ ግን አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮት ታየው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ «እማዬ፣ እሱን ብቀምስ» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ምግብ መጠየቋ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና የቀላውን ሁሉ በቀሚሷ ይዛ ገባች። ላጠችው፣ ከተፈችው፣ ጥቂት ውሃና ቀረፋ ጨምራ ላምባ ምድጃው ላይ ጣደችው። እስኪፈርስ አማሰለችው፤ ጓጓላውን በብርጭቆ ቂጥ ደፈጠጠችው። ጎረቤታችን ሽታው ጠርቷት መጣች። እህቴን ቀና አድርጋ ደግፋ «ኛዹ ኢንተለኮ፣ ብዪ የኔ ልጅ» አለቻት። በላች። ከንፈሯን ላሰች።

ያኔ አባቴ ከትምህርት ቤት መጥቶ በር ላይ ቆመ።

«በኩራቱን?» አለ።

«እመቤታችንም እናት ናት፤ ከልጅ አፍ አትነጥቅም» አለችው እናቴ፣ ዞር ሳትል።

እሱ ከበሩ ተመልሶ ወጣ። እህቴ ሳምንት አልቆየችም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። በእኛ ቤት ግን ነቀዘ። አባቴ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ፍሬውን አንድ ሳያስቀር ለቅሞ ቤተ ክርስቲያን ይወስድ ነበር፤ እናቴ ዘንቢሉን ታቀብለዋለች፤ አይተያዩም። ድስት ሲንተከተክ ከሰማች «መጣሁ!» ትል ነበር፣ ማንም ሳይጠራት። እኔም ወደ ባዶው አልጋ እዞር ነበር። አልጋውን አልፈራም፤ የምፈራው የእናቴን ፊት ነበር። አንድ ጊዜ ልብስ ስናሰጣ «እኔ ነኝ ያስቀሰፍኳት» አለችኝ። አይደለሽም ብላት ምን ዋጋ አለው? ያን ቃል የምትጠብቀው ከባለ ስለቱ ነበር። ጠብቃ ጠብቃ፣ ሳትሰማው ሞተች።

አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል። ጥርሱ አልቋል። ባለፈው ቅዳሜ፣ ለስለስ ያለ ነገር ይብላ ብዬ ከገበያ ያመጣሁትን ፖም ቀቀልኩለት። ሽታው ሲደርሰው ግድግዳ ይዞ መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ። ድስቱን ብዙ አየው።

«ያን ቀን ፈቃድ ጠይቄ ቀደም ብዬ የመጣሁት እኮ ልቀጥፍላት ነበር» አለ። «ልቤ ስለቱን ካፈረሰ ቆይቷል። እናትሽ ቀደመችኝ። በየዓመቱ የምወስደውም ስለ ራሴ ኃጢአት ነበር።»

«ታዲያ አባዬ፣ ምነው ለእሷ ሳትነግራት ቀረህ?»

«ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ…»

ማንኪያውን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። እኔው ግን አጎረስኩት።