ቆዳው እስኪታይ

ኅዳር 14 ቀን 1995 ዓ.ም. የአዋሽ ሰባት ኪሎ ቄራ ግንብ እኩሌታው ኖራ ተቀብቶ እኩሌታው ሳይቀባ ቀረ። በጣሳው ውስጥ የተበጠበጠው ኖራ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ ብሩሹም በወደቀበት አፈር ለብሶ ደነደነ። ቀቢዋ የቄራው ኮሚቴ ሊቀመንበር ውባንች ነበረች። ግንቡን የጀመረችው የሰው ደም ለመሸፈን ነው፤ ሳትጨርሰው የራሷ ደም ተጨመረበት።

ውባንች የምንጃር ልጅ ናት። ከባሏ ከቻላቸው ጋር ወደ ቆላ የወረደችው እሱ ጥጥ ሊለቅም፣ እሷ ለለቃሚዎቹ ልታበስል ነበር። ለአንድ ወቅት ብለው መጥተው ቀሩ። ለቀማ ሲደርስ ቻላቸው ወደ እርሻው ይሄዳል፤ እሷ አውቶቡሶች ለምሳ በሚቆሙበት አስፋልት ዳር በፍስክ ዱለት፣ በጾም ሽሮ ትሸጣለች። ድምፅዋ ከመኪና ጥሩንባ ይበልጣል እያሉ ይቀልዱባት ነበር። "የተሳፋሪው ሆድ ከሚጮኸው በላይ ካልጮህኩ ማን ይሰማኛል?" ትላቸዋለች።

በ1993 ዓ.ም. ለቀማው አልቆ ቻላቸው በጭነት መኪና በገዋኔ በኩል ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መኪናውን አስቆሙ። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠውን እሱን አወረዱት።

"ከየት ነህ?"

"ከአዋሽ።"

ሌላ አልጠየቁትም። ደረቱን መቱት፤ ሲወድቅ ደገሙት። ሹፌሩ ሬሳውን ከጆንያዎቹ ላይ አጋድሞ አመጣው።

ምክንያቱ በኋላ ተሰማ። ከነዚያ ሰዎች መንደር የተሰረቀች ላም አዋሽ ውስጥ ታርዳ ለሆቴሎች ተሸጣ ነበር። ቆዳዋን እንጨት ለቃሚ ሴት ከወንዙ ገደል ውስጥ ጅብ ሲጎትተው አድሮ አገኘችው፤ በብረት የተተኮሰው የጎሣው ምልክት አልጠፋም። ሌባውን የሚያሳይ ስላልነበረ ዕዳው የከተማው ሁሉ ሆነ፤ መንገድ ላይ የተገኘው ደግሞ ቻላቸው ነው። በማግስቱ የከተማው ጎረምሶች ወተት ሊሸጡ በመጡ የአፋር ሴቶች ላይ ድንጋይ አዘነቡ። የአንዷ ዓይን ፈሰሰ። ያቺ ሴት ስለ ላሟ የሰማችው ሐኪም ቤት ተኝታ ነው።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ውባንች ደረቷን ትመታለች፤ ትመታና ቆም ብላ አንድ ነገር ትጠይቃለች። "ቆዳዋን የት ነው የጣሏት?" ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው አሉ። እሷ ግን ነገሩን ስታብሰለስለው ቆይታ ለጎረቤቷ ለየዓለምወርቅ እንዲህ አለቻት፦

"ቆዳዋ አጥር ላይ ተሰጥታ ቢሆን ባለከብቱ መጥቶ ያያት ነበር። ሲያያት 'ማን አመጣት?' ይላል። ያመጣትን ይይዛል። የኔ ባል ጥጡን ለቅሞ ቤቱ ይገባል። አየሽ፣ ባሌን የገደለው የተደበቀ ቆዳ ነው።"

ዓመት አልፎ ከሰመራ አንድ ባለሙያ መጣ። የሕዝብ መገልገያዎችን በበጎ ፈቃድ የሚያስተዳድሩ ኮሚቴዎች እንዲመረጡ ሕዝቡን በየተራ ይሰበስብ ነበር፤ ለቦኖው፣ ለወፍጮው፣ በመጨረሻም ለቄራው። የቄራው ስብሰባ እንደሌሎቹ በጭብጨባ የሚያልቅ አልሆነም። አንድ በር፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ የሲሚንቶ ወለል ላይ የክርስቲያንም የሙስሊምም ሥጋ ሻጮች ያርዳሉ። ማን በጠዋት ይቅደም፣ የማን ደም በማን ይታጠብ እየተባለ ስንት ጊዜ ተደባድበዋል። አንዱ ወገን የራሱን ሰው ሲጠቁም ሌላው ያጉረመርማል። ሁለተኛው ሲጠቁም የመጀመሪያው ይነሳል። በመካከሉ ካራ ተመዘዘ፤ የአንድ አራጅ ክንድ ከክርኑ እስከ አንጓው ተተለተለ። ባለሙያው ወረቀቱን ጥሎ በአንገት ልብሱ ክንዱን ጥፍር አድርጎ አሰረለት፤ ከዚያ "ስብሰባው ይቀጥላል" አለ።

ያን ጊዜ ሙሐመድሰዒድ ተነሳ። ከወሎ የመጣ፣ ፂሙን በሂና የሚያቀላ ሥጋ ሻጭ ነው።

"ካራ የያዘ ሰው ከሾምን ነገ የማን ክንድ ነው ተራው? ወላሂ፣ ካራ የማይዝ ሰው እንምረጥ።"

"ካራ የማይዝ ሰው ለቄራ ከየት ይመጣል? ከገዳም እናስመጣ?" አለ አንዱ። ሳቁ።

"በእናንተም ቤት በእኛም ቤት ሴት አታርድም። ሆድቃ በየጠዋቱ ከዚህ የምትወስድ ሴት አለች፤ ሁላችንንም ታውቀናለች፣ ሁላችንንም ትሰድበናለች።"

ሁሉም ዞሮ በሩ አጠገብ ሳፋዋ ላይ የተቀመጠችውን ውባንችን አየ።

"ዶሮ ለማሳረድ ጎረቤት የምትለምን ሴት የቄራ ሹም!"

"እኮ! ለዚሁ ነዋ!" አለ ሙሐመድሰዒድ።

ውባንች ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። "በነጻ ከሆነ የምሠራው አንድ ነገር ከፈቀዳችሁልኝ ነው። የታረደ ከብት ቆዳ ሁሉ ከነጆሮው፣ ምልክቱ ወደ መንገድ ዞሮ፣ እስከ ማግስቱ አጥሩ ላይ ይውላል። አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ባለቤት ነኝ የሚል ካለ ይናገር።"

"ፀሐይ ያበላሸዋል!" አሉ ቆዳ ነጋዴዎቹ።

"ጨው አብዙበት። ሰው ግን ጨው ቢነሰንሱበት አይነሳም፤ ሞክሬዋለሁ።"

እጃቸውን አውጥተው መረጧት።

ሥራው ያዘ። የክርስቲያኖቹ ጾም ሲገባ ሙስሊሞቹ ወለሉን ያጥባሉ፤ ረመዳን ሲሆን ክርስቲያኖቹ ይረከባሉ። የኮሚቴው ማኅተም ያላረፈበትን ሥጋ ሆቴሎቹ መቀበል ተዉ። ለገበያ የመጡ አርብቶ አደሮች ዱላቸውን ተደግፈው አጥሩን እያዩ ያልፋሉ፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ በሚለዋወጡት ወሬ ውስጥ አጥሩ ላይ የዋለውን ቆዳ ይጨምሩበት ጀመር። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ከቀይ ቆዳ ፊት ቆሞ ሲጮህ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ለካ አጎቱ በሬውን መሸጡን ደብቆት ኖሮ እሱን መስደቡ ነው።

የ1995ቱ ድርቅ ሲጠና ነገሩ ከፋ። ከብቱ ሣር ፍለጋ ርቆ ሲሄድ ስርቆቱ በረከተ። ለመንገድ ዳር ሆቴሎች ሥጋ የሚያቀርበው አለሙ አንድ ቀን ከውባንች መደብ መጥቶ ተቀመጠ።

"እትዬ ውባንች፣ ዱለትሽ ዛሬ ጨው በዛበት።"

"የበዛብህስ ቆዳው ላይ ያለው ጨው ነው።"

ተመጋቢው ሳቀ፤ አለሙም አብሮ ሳቀ። ከዚያ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ። "ባልሽን ለገደሉ ሰዎች እረኛ ሆነሽ ቀረሽ? አታፍሪም?"

ዱለት የምታማስልበት ማንኪያ ቆመ። "ባሌ የሞተው ለሌላ ሰው ጉርሻ ነው" አለች። "ጉርሻው ያንተ ይሁን አይሁን አላውቅም። ዛሬ ግን የበላህበትን ከፍለህ ተነስ።"

ኅዳር 12 ቀን ረፋድ ላይ ሁለት የአለሙ ሰዎች አንድ በሬ ነድተው ገቡ። ሽንጡ ላይ አሮጌው ምልክት በነበረበት አዲስ ተተኩሶበታል፤ ቁስሉ ገና ውኃ ይቋጥራል። አራጁ ወይ አላየም ወይ ማየት አልፈለገም፤ በሬው ታረደ። የቄራው ዘበኛ ደስታው እንደ ደንቡ ቆዳውን ተቀብሎ ሊሰቅል ሲል "ይሄ ይሄዳል" አሉት።

"ነገ ይሄዳል። ዛሬ ይታያል።"

በፌሮ መንጋጋውን መቱት። ጥርሱና ደሙ ግንቡ ላይ ተረጨ። ወድቆም እግራቸውን ሲይዝ ጣቶቹን ረገጧቸው።

ውባንች ሳፋዋን ይዛ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ሳፋውን ጥላ የቆዳውን አንድ ጫፍ ያዘች። ጎተቷት፤ አልለቀቀችም። በሲሚንቶው ላይ እየጎተቱ ጉልበቷን ላጡት፤ ጎኗን በጫማ ሲመቷት የምትተነፍሰው አጣች። ትንፋሽ ሲመለስላት ከቆዳው ስር ነበረች፤ ተንከባልላ ተጠቅልላበት። እንደዚያው ተነሳች። እርጥቡን ቆዳ እንደ ጋቢ ተጎናጽፋ፣ የበሬው ጆሮዎች በጉንጯ ላይ ተንጠልጥለው፣ በሩን ወጥታ ወደ አስፋልቱ ሄደች። ሰዎቹ እስከ በሩ ተከተሏት። ከበሩ ወዲያ ግን አውቶቡሶቹ ቆመዋል፤ ሹፌሮች፣ ተሳፋሪዎች፣ ፍየል ነጂዎች መንገዱን ሞልተውታል።

"ኧረ እዩ! ዛሬስ በሬው በሁለት እግሩ ሄደ!" አለ አንድ የመኪና ረዳት።

"ውቤ፣ ካባ ደርበሽ ነው? ሙሽራው ማነው?"

"አጥሩን ነጠቁን፤ ዛሬ አጥሩ እኔ ነኝ" አለች። "የማን በሬ ነው? የሚያውቅ ይናገር! የማን በሬ ነው?" ተሳፋሪ የምትጠራበት ያ ድምፅ ነው፤ ማዶ ድረስ ተሰማ።

ፀሐዩ ቆዳውን ያደርቀው ጀመር። ዝንቡ ፊቷን ሸፈነው። ሙሐመድሰዒድ ሮጦ መጣ።

"ስጪኝ፣ እኔ ልልበሰው። ጎንሽ ተሰብሯል እኮ!"

"አንተ ስትለብሰው ጠብ ይሆናል። ይልቅ ጥላ ያዝልኝ።"

ካርቶን ቀድዶ ከራሷ በላይ ይዞ ቆመ። ወሬው በሚያልፉት መኪኖች በረሃውን አቋርጦ ነበር። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አንድ ፒክአፕ ከገዋኔ በኩል መጣ፤ ኡትባን የሚባሉ ሽማግሌና ጠመንጃ የያዙ ዘመዶቻቸው ወረዱ። መንገዱ ጭር አለ። ሱቆች ተዘጉ።

ሽማግሌው በአዲሱ ጠባሳ ዙሪያ ጣታቸውን አዞሩ፤ ከዚያ በአፋርኛ አንድ ቃል ተናገሩ።

"ገልብጪው ይሉሻል" አለ ሙሐመድሰዒድ።

ገለበጠችው። ብረት ከላይ ምልክትን ሊያጠፋ ይችላል፤ ከውስጥ በኩል ግን የቀድሞው ጠባሳ እንደ ገመድ ተጋድሞ ይታያል። የራሳቸው ጎሣ ምልክት ነበር። ከዘመዶቻቸው አንዱ ጎረምሳ ጠመንጃውን አቀባብሎ ወደ ደረቷ አዞረ።

"አንቺ ከአዋሽ ነሽ?"

ውባንች ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በእንቅልፏ ስትመልሰው ኖራለች፤ አንዳንዴ ከምንጃር ነኝ ትላለች፣ አንዳንዴ ትሮጣለች። አሁን የከበዳትን ቆዳ አጥብቃ ያዘች።

"አዎ" አለች። "ከአዋሽ ነኝ።"

ኡትባን ዱላቸውን በአፈሙዙ ላይ አጋድመው ወደ መሬት ተጫኑት። "ያሳየ ሰው አይገደልም" አሉ በአማርኛ። "ልጄ፣ ማን አመጣው?"

የአለሙንና የሁለቱን ሰዎች ስም ጠራች፤ ሦስቱንም ጮክ ብላ። አለሙና አንደኛው ሰው ከሆቴል ጓሮ ተይዘው ለፖሊስ ተሰጡ፤ ሽማግሌዎች ለካሣው ተቀመጡ። በዚያ ሳምንት በመንገዱ ላይ ጥይት አልተተኮሰም። ሁለተኛው ሰው ግን ጠፋ።

የደስታው ደም ግንቡ ላይ እንዳለ እንዳይታረድ ኮሚቴው ተስማማ። ስለዚህ ኅዳር 14 ጠዋት በጎ ፈቃደኞቹ ሊቀቡት ተቀጣጠሩ። ውባንች ቀድማ ደረሰች። ሌሎቹ ሲመጡ የጠፋው ሰው በኋለኛው ግንብ ዘሎ ሄዷል። ከኋላዋ በግራ ትከሻዋ ስር ወግቷታል፤ ስትዞር ደግሞ አንገቷን። ሁለት ሰዎች ናቸው የሚሉ አሉ፤ የታየው ግን አንድ ነው፤ እሱም በባቡሩ ድልድይ በኩል ሊሻገር ሲል ተያዘ። ሙሐመድሰዒድ በመዳፉ አንገቷን ይዞ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ሲል ደሙ በጣቶቹ መካከል ይወርድ ነበር። ስንት በሬ ያረደ እጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ደም ማቆም አቃተው። ከቀብሯ በኋላ እርድ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ቆዳዎች አጥሩ ላይ እሱ ሰቀላቸው።

ወደ ቄራው ከመሄዷ በፊት በዚያ ጠዋት አንድ ጉዳይ ነበራት፤ እሱን ጨርሳለች። የደስታው መንጋጋ በሽቦ ስለታሰረ ማኘክ አይችልም። ከየዓለምወርቅ ፔርሙስ ተውሳ ትኩስ አጥሚት ይዛለት ጤና ጣቢያ ሄደች። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ የታመመ ጎኗን ደግፋ ተቀምጣ፣ በስትሮ ጥቂት በጥቂት አጠጣችው። ሊናገር ሲሞክር "ዝም በል፤ አሁን ተራው የኔ ነው፣ እኔ ላውራ" አለችው፤ ስለ ዱለቷ ገበያ አወራችለት። ሲጨርስ ፔርሙሱን በጤና ጣቢያው ቧንቧ አለቀለቀችው፤ ቤት ስትደርስ በሙቅ ውኃ ደገመችው፤ ክዳኑን ለብቻ አጥባ ከአፉ ላይ የደረቀውን በጥፍሯ ፈቀፈቀች። ከዚያ የየዓለምወርቅን በር አንኳኳች።

"ምን አስቸኮለሽ፣ ውቤ? ለማታም ትወስጂለት የለ እንዴ?"

"ለማታ ስፈልገው መጥቼ እዋሳለሁ። የሰው ዕቃ ከቤቴ አይዋል።"

የዓለምወርቅ ፔርሙሱን ተቀብላ አሸተተችው፤ የአጥሚት ሽታ አልነበረውም። መደርደሪያው ላይ አፉን ደፍታ አስቀመጠችው።