ሸሪፍ አፉን የዘጋበት ፊልም

ሸሪፍን የሚያውቅ የጎንደር ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ከሱ ጋር ተቀምጦ ፊልም ማየት የማይታሰብ ነው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ፒያሳ ባለችው የጨርቅ ሱቁ ለክቶ ሲቆርጥ መቀሱ ወደ ገዢው የሚያደላ፣ ለቅሶ የማይቀር፣ የታመመ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚደርስ ነው። ችግሩ ያየውን ፊልም መጨረሻ ሆዱ ውስጥ ማሳደር አለመቻሉ ነው። ያላየው ፊልም ደግሞ የለም። በወጣትነቱ ሲኒማ ቤት፣ ኋላ በየሰፈሩ አግዳሚ ወንበር ደርድረው በከፈቱት ቪዲዮ ቤቶች፣ ቆይቶም እቤቱ ባስገባው የሲዲ ማጫወቻ፣ የሕንዱንም የቻይናውንም የካውቦዩንም ሳይመርጥ አይቶ ጨርሷል።

ስለ ድሮ ፊልም ማንም አስተያየቱን ባይጠይቀውም እሱ መስጠቱን አይተውም። የካውቦይ ፊልም ሲነሣ ሰው ስለ ተኩሱ ያወራል፤ ሸሪፍ የሚያዝነው ለፈረሱ ነው። “ቀኑን ሙሉ በረሃ ሲጋልበው ውሎ መጠጥ ቤት በር ላይ ያስረውና ይገባል። ድርቆሽ የለ፣ ውሃ የለ። ይሄን ነው ጀግና የምትሉት?” ይላል። የቻይናውን ነጭ ጢም መምህር በጣም ያከብረዋል፤ ግን ተማሪውን አንድም ቡጢ ሳያስተምር ዓመት ሙሉ ውሃ ማስቀዳቱን ሲያይ “ይሄ መምህር ሳይሆን የጉልበት ሠራተኛ ያጣ ሽማግሌ ነው” ብሎ ይፈርዳል። የሕንድ ፊልም ላይ ደግሞ የሚፈርደው በጨርቅ ነው። መጥፎው ሰውዬ ገና በር ሲከፍት ሸሚዙን አይቶ ያውቀዋል። “ይህን ጨርቅ የለበሰ ሰው ንጹሕ ልብ የለውም። እኔ ሸጬው አውቃለሁ፤ አንዴ ሲታጠብ ይለቃል።”

ሁሉንም የሚያስረሳው ግን የስልክ ነገር ነው። ሞባይል በሰው እጅ ከገባ ወዲህ ፊልም ሞቷል ባይ ነው። “ድሮ ወንድም ከወንድሙ ባቡር ጣቢያ ላይ ይጠፋፋል፤ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ፖሊስ ሆኖ ያድጋል፤ እናት ታነባለች። አሁን የት ይጠፋል? ‘የት ነህ?’ ‘ትኬት መቁረጫው ጋ።’ አለቀ! ከዚህ ምን ፊልም ይወጣል?” ይላል፣ ስልኩን በጥላቻ እያየ። ስልኩ ሲጠራ ግን ሮጦ ያነሣል።

ነጋ የሚባል የልብ ጓደኛ አለው። ከጎንደር ዛሪማ አውቶቡስ ይነዳል። ሸሪፍ ለዛሪማ ገበያ ጨርቅ ይዞ ሲወርድ ከሱ ጎን ይቀመጣል። መኪናው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መውረድ ሲጀምር ተሳፋሪው ገደሉን ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎቱን ያነበንባል። ያኔ ሸሪፍ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ አንድ የድሮ ፊልም ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ድምፁን እየቀያየረ፣ እንደ እናት እያለቀሰ፣ ሲያስፈልግም እየዘፈነ። ቁልቁለቱ እንዴት እንዳለቀ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ድብ ባሕር ላይ መውረድ የነበረበት ገበሬ መኪናው ቢቆምም አልነሣም አለ።

“አያ፣ ደረስን እኮ፤ አይወርዱም?” አለው ነጋ።

“ምነው አንተ! ልጁ ወንድሙን ሳያገኘው ወዴት ነው የምወርድ?” ብሎ እስከ ዛሪማ ሄደ። የመልሱን መንገድ በእግሩ ተመለሰ፤ ሸጋ ፊልም ነው እያለ።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እንዲህ ነው። ፊልም በሌለበት ሸሪፍ በረከት ነው፤ ፊልም በተከፈተበት ቤት ግን መቅሠፍት። እንዳይናገር ቢያስምሉት እንኳ ያስታውቃል። ሊሞት ያለ ሰው ገና ብቅ ሲል “እህህ፣ ምስኪን!” ብሎ ይተነፍሳል። ከዚያ ወዲያ ያንን ፊልም ማየት የቀዘቀዘ ወጥ እንደ መብላት ነው።

ሚስቱ ዙበይዳ ይህን ስንት ዓመት ችላዋለች። ተቆጥታዋለች፣ ትራስ ወርውራበታለች፣ ሱቅ እንዲውል ብላ እዚያው እንግዳ እንደሚመጣበት ዋሽታዋለች። ልጃቸው ሪሃና ባሕር ዳር ስትማር ቆይታ ለእረፍት ስትመጣ ለእናቷ አንድ ያረጀ የሕንድ ፊልም አመጣችላት፤ ዙበይዳም ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ሥራዋን ጨርሳ፣ መጋረጃውን ጋርዳ ተቀመጠች። ሴቶቹ በፊልሙ ሙሽሪት ደስታ አብረው ሲስቁ፣ ሲያጨበጭቡ፣ ሸሪፍ ከመስጊድ ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ቴሌቪዥኑ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣

“አይ ይቺ ልጅ! በሠርጓ ማግስት መሞቷ!” አለና እጁን ሊታጠብ ገባ።

ታጥቦ ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያጣፉ ይወጣሉ። ዙበይዳ እንግዶቿን እስከ በር ሸኘች፤ ከዚያም ሻንጣ አውጥታ ልብሷን አጣጥፋ፣ ልጇንም አስከትላ፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ወደሚኖረው ወንድሟ ወደ ዐብዱልከሪም ቤት ሄደች። ሸሪፍ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑ የገባው ሲመሽ ነው።

ቤቱ ባዶ ሆነበት። የፈለገውን የሚያይበት ጊዜ አገኘ ብለው ጓደኞቹ ቀለዱበት፤ እሱም እውነት መስሎት አንድ የሚወደውን ፊልም ከፈተ። ባለጢሙ ሰውዬ ብቅ ሲል “ይሄ ነው ገዳዩ!” አለ። የጮኸበት የለም። ትራስ የወረወረ የለም። ገዳዩም እንደ ወትሮው ገደለ። ሸሪፍ ፊልሙን አጠፋና በተቀመጠበት ቀረ። ዙበይዳ ባትመለስስ ብሎ ፈራ፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት ሊማሊሞ ላይም ይዞት አያውቅም።

ሽማግሌ ላከ። ሐጂ አብዱልመናን የተከበሩ አዛውንት ናቸው፤ ነጋም አብሯቸው ሄደ። ሸሪፍ ራሱ ከደጅ ባጃጅ ተደግፎ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ካልታረቃችሁ አንቀመጥም ብለው ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠየቁ።

“ልጄ፣ መታሽ?”

“ኧረ አልመታኝም።”

“ሌላ ሴት ወደደ?”

“ሸሪፍ? ለሴትዮዋ ምን ብላ እንደምትመልስለት ቀድሞ ይነግራታል። ማን ይጠጋዋል?”

“ታዲያ ምን በደለሽ?”

“መጨረሻ ነሣኝ፣ ሐጂ።”

ሐጂ ወደ ነጋ ዞሩ። ነጋ ጣራውን አየ። ዐብዱልከሪም ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ያዘ።

“የምን መጨረሻ?”

“የሁሉንም! ካገባሁት ጀምሮ በራሴ እግር አንድ መጨረሻ ላይ ደርሼ አላውቅም። ማልቀስ ስጀምር እንደምትድን ይነግረኛል፤ መሳቅ ስጀምር እንደምትሞት ይነግረኛል። ሪሃናን ሳረግዝ እንኳ ሴት ናት ብሎ ሰፈሩን ሞላው፤ ሴት ሆና አረፈች! እኔ ፊልም አልራበኝም። አንድ ነገር ሳላውቀው መጥቶ እንዲያስደነግጠኝ ነው የምፈልገው።”

ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ የዐብዱልከሪምም ሳቅ ጠፋ። ሐጂ ስንት ሽምግልና ሲሸመግሉ እንዲህ ያለ ክስ ገጥሟቸው አያውቅም። ካሣ ልትጠይቅ ነው ብለው ሲጠብቁ ዙበይዳ ፈተና ጠየቀች። ሸሪፍ እዚሁ ወንድሟ ቤት፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ አንድ ፊልም ቃል ሳይተነፍስ ይጨርስ። ከቻለ ትመለሳለች፤ ካልቻለ ማንም እንዳይመጣባት።

“‘እህህ’ም ክልክል ነው” አለ ነጋ፣ የጓደኛውን ጠባይ ስለሚያውቅ።

“ፊልሙን የምመርጠው እኔ ነኝ” አለች እሷ። የመረጠችውን ሲነግሩት የሸሪፍ ፊት ገረጣ። ከድሮ ፊልሞች ሁሉ አብልጦ የሚወደው፣ ሊማሊሞ ላይ ደጋግሞ የተረከው፣ ዙበይዳ ግን ሆን ብላ እሱ ባለበት አላይም ብላ ያስቀመጠችው ነበር። አንድ አባት ሕፃን ልጁን ከወንዝ ዳር ጀልባ ላይ ያጣዋል፤ ዓመታት አልፈው ዓይኑ ይጠፋል፤ የሚመራው ወጣት ይቀጥራል። ወጣቱ ልጁ ነው። አባትም አያውቅ፣ ልጅም አያውቅ።

ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ሁሉም ተሰበሰቡ። ሐጂ ፊልም እንደማያዩ አስቀድመው አስታውቀው፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን ይዘው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሸሪፍ ከነጋ አጠገብ ሰሃን ሙሉ ቆሎ ታቅፎ ተቀመጠ። መናገር ባሰኘው ቁጥር አንድ ጭብጥ ቆሎ አፉ ውስጥ ይከታል።

ወጣቱ ገና ብቅ ሲል የመጀመሪያው ጭብጥ ገባ። ባለሸሚዙ ክፉ ሰው ሲመጣ ሁለተኛው። ነጋ ወዳጅ ሆኖ ሳለ ጠላት ሆነበት፤ ጎኑን እየጎሸመ “ሸሪፍ፣ ይሄ ሰውዬ ደግ ነው እንዴ? ደግ ይመስላል” ይለዋል። ሸሪፍ ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። አንዴ እጁን ሲያነሣ ቤቱ ሁሉ ወደሱ ዞረ፤ ውሃ ፈልጎ ነው። በዚህ መሃል የሐጂ ወንበር ከግድግዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ቴሌቪዥኑ መዞሩን ያስተዋለ አልነበረም።

ቆሎው ሲያልቅ ሸሪፍ ሌላ መላ አጣ። ፊልሙን ላለማየት ፊቱን ቢያዞር ዙበይዳን አየ። ዓይኗ ፈጧል፣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። ዓይነ ስውሩ ሲሰናከል ትከሻዋ አብሮ ተሰናከለ። ወጣቱ ሲስቅ ሳቀች፤ ምን እንደሚመጣባት ሳታውቅ፣ እንደ ልጅ። ሸሪፍ ይህን ፊት ያየው ሲያገባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ገና ሳይፈካ በአፉ ሲያጠፋው ኖሯል። የድሮ ፊልም ሁሉ ተደምሮ ይህን ፊት አያህልም ብሎ አሰበ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልከበደውም።

ፊልሙ ወደ ማለቂያው ደረሰ። ወጣቱ ከሥራው ተባሮ፣ ጥቅሉን አንግቶ፣ ጀልባ ሊሳፈር ወንዝ ዳር ቆሟል። አባትየው ብቻውን እየተንገዳገደ ደረሰ። ልሰናበትህ ብሎ ወደ ልጁ ፊት እጁን ሰደደ። ጣቶቹ ጉንጩን ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው መብራት ሄደ።

ሁሉም ባንድ ላይ ጮኹ። ዛሬ የኛ ፈረቃ ነው፣ መጥፋት አልነበረበትም እያለ ዐብዱልከሪም ቆጣሪውን ሊያይ ሮጠ፤ ተመልሶም የሰፈሩ ሁሉ መብራት መጥፋቱን ተናገረ። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሸሪፍ መለሱ።

“ወንድሜ፣ አወቀው?” አለ ነጋ።

ሸሪፍ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ፈተናው ፊልሙ እስኪያልቅ ነበር፤ ፊልሙም አላለቀም።

“ሸሪፍ! እኔ ፈቅጄልሃለሁ!” አሉ ሐጂ አብዱልመናን፣ ሙስበሃቸው ከጭናቸው ወድቆ ሳያነሡት። “አባቱ አወቀው ወይስ ልጁ ሄደ? ተናገር እንጂ! ሰው እንዲህ ይጨክናል?”

ሸሪፍ ወደ ዙበይዳ አየ። ሕይወቱን ሙሉ የለመነው አድማጭ ዛሬ ቤት ሞልቶ ይለምነዋል፤ እሱ ግን የሚጠብቀው የሷን አፍ ነው። እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ ነው። መጋረጃውን ገለጠች፤ ብርሃን ሲገባ ዓይኖቿን ጠረገች። ሸሪፍ አፉን እንደዘጋ ቆመ።

“እዚህ አንዲት ቃል እንዳትናገር” አለችው።

ራሱን ነቀነቀ።

ዙበይዳ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እየፈለገች፣ “በል እንሂድ” አለች፣ “እቤት ስንደርስ ትነግረኛለህ።”