መደቡ ላይ ያደረ ባትሪ

ሉዋን ሹዪን የሶዲየም ባትሪ ውስጥ የሚገባውን ፈሳሽ ትቀምማለች። እኔ ከጎኗ ጨው እመዝናለሁ። ሲበላሽ የሚጮኹት እሷ ላይ ነው፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ፈሳሹ ከቀጠነ የቻይና በረሃ የቱርፋን ሐሩር ያፈላውና ባትሪው ያብጣል፤ ከወፈረ በሰሜን ያለችው ከተማችን የጃሙሲ ውርጭ እንደ ማር ያረጋዋል። ሹዪን ሁለቱንም የሚችል ስትፈልግ ዓመታት ፈጀች፤ በመሀሉ አንድ እጮኛም ሸኝታለች።

የመጨረሻው ቅመማ ሙቀቱን ቻለ። ብርዱን ካልቻለ ግን ኃላፊያችን ፌንግ ሥራውን ሊዘጉት ቆርጠዋል። ስለዚህ ባትሪውን አባቷ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ እያዞሩ በሚሸጡበት ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ላይ ገጠመችና፣ “ሌሊቱን ውጭ ግቢ ይደር፣ እንዳትነካው” አለቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ።

ባለሦስት እግሩ በየጠዋቱ ያለምንም ማንገራገር ተነሣ። ሹዪን ውጤቱን ለምታቀርብበት ስብሰባ አዲስ ሹራብ ገዛች። በዋዜማው አመሻሽ ላይ፣ አባቷ ጋደም ካሉበት፣ ከሥሩ እሳት ከሚነድበት ሞቃት የጡብ መደብ ላይ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ፣ ባትሪው እግራቸው ሥር ተኝቷል።

“አባዬ! ይሄ ምንድን ነው?”

“ባትሪ ነዋ! በዚህ ብርድ ማን ውጭ ያሳድራል?”

“ውጭ ይደር አላልኩህም?”

“ብለሻል። እናትሽ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ‘አስገባው’ ስትለኝ ነው የኖረችው።”

እውነታቸውን ነው። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሲመሽ ባትሪውን ከተሽከርካሪው ነቅሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ ይገባል። እኔም አስገባለሁ።

“ዝም ብትዪ ማን ያውቃል?” አሏት አባቷ። እሷ ግን በማግስቱ ሹራቧን ለብሳ ስብሰባው ላይ እውነቱን ተናገረች።

“ታዲያ በስንት ዲግሪ ነው ያደረው?” አሉ ፌንግ።

“አባቴ እግር ሥር።”

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቷን ሳይ አፈርኩ። ፌንግ የባትሪውን ሳጥን በእጃቸው አሽገው፣ “ዛሬ ውጭ ይደር። ጠዋት ካልተነሣ አበቃ” አሉ።

በማግስቱ ቶፉ ልገዛ ስወጣ ባለሦስት እግሩ እንደ ወትሮው ተነሥቶ መጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል። ሹዪን ካፖርቷን እንኳ ሳትቆልፍ እየሮጠች መጣች። እሽጉ እንዳለ ነው፣ በረዶ ጋግሮበታል።

“አልነካሁትም” አሉ አባቷ ገና ሳትጠይቃቸው። “እንቅልፍ ግን በዓይኔ አልዞረም። ስንቴ ተነሥቼ በመስኮት አየሁት።”

ሹዪን እዚያው መንገድ ላይ ሆዷ ባብቶ አለቀሰች። አባቷ ዓይናቸው ቀልቶ ለእኔ ቶፉ ቆረጡ።